አሮጌ ኮምፒውተር አፕዴት ላይ ተሰናክሎ አልነሳ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ ስምንትና አሥር ዓመት ያገለገሉ ናቸው፤ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ዴስክቶፖች፣ ያገለገሉ ሆነው ከውጭ የገቡ ላፕቶፖች፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከአጎት የተላለፉ። ባለቤቶቹ ገና በሩ ላይ ሆነው የሚነግሩኝ አንድ ዓይነት ነው፦ «ማታ ደህና ነበር፤ አፕዴት አደርጋለሁ አለ፤ ጠዋት አልነሳ አለኝ።» አስከትለው ደግሞ «በቃ ፎርማት አድርግልኝ» ይላሉ። ይህን የጻፍኩት ስለዚያች ሁለተኛዋ ቃል ነው። ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ያንብቡልኝ።

አፕዴቱ ሳያልቅ መብራት ጠፋ። ፋይሎቼ ጠፉ ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም። አፕዴት የሚነካካው ዊንዶውስ የራሱን ዕቃ ያስቀመጠበትን ፎልደር ነው። የእርስዎ ደብዳቤ፣ ፎቶና ሒሳብ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የበርዎ ቁልፍ ቢሰበር ውስጥ ያለው ሣጥንና አልጋ አብሮ አይሰበርም፤ የሚቸግረው መግባቱ ነው። ኮምፒውተሩ አልነሳ ማለቱ አንድ ነገር ነው፣ ፋይል መጥፋቱ ሌላ ነገር ነው። እኔ ካየሁት፣ ፋይል ለዘለቄታው የሚጠፋው በአፕዴቱ ሳይሆን ሰው ተደናግጦ ሃርድ ዲስኩን ሲያስፎርማት ነው።

አንዲት እናት ኮምፒውተራቸውን ይዘው የመጡት ሌላ ቦታ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ነበር። የሰባት ዓመት የዕድር መዝገብ፣ የአባላት ስምና መዋጮ ሁሉ እዚያ ላይ ነበር። የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ግማሹን አወጣሁላቸው። ሌላው ግማሽ አዲሱ ዊንዶውስ ተጽፎበት ስለነበር አልተገኘም። ፎርማቱ ሳይደረግ መጥተው ቢሆን መዝገቡን አውጥቶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። እስካሁን ሳስበው ያሳዝነኛል።

መብራቱ የጠፋው ገና እያወረደ ሳለ ከሆነ ግድ የለም፤ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። የሚያሳስበው «ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» ከሚል ጽሑፍ ጋር የመቶኛ ቁጥር ሲቆጥር ከጠፋ ነው። ያኔም ቢሆን ዊንዶውስ ሲመለስ ወይ የጀመረውን ለመጨረስ ወይ ወደ ነበረበት ለመመለስ ይሞክራል። ስለዚህ መብራት ሲመጣ ያብሩትና ጊዜ ይስጡት።

ስክሪኑ ላይ 35 በመቶ ብሎ ቆሟል። ልጠብቅ ወይስ ላጥፋው?

ይጠብቁ። አዲስ ኮምፒውተር ላይ በ20 ደቂቃ የሚያልቀው ሥራ በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ቁጥሩ አለመንቀሳቀሱ ብቻውን ሥራው ቆመ ማለት አይደለም። የሚያዩት ቁጥሩን ሳይሆን የሃርድ ዲስኩን መብራት ነው። ብልጭ ድርግም እያለች ከሆነ እየሠራ ነው። ጆሮዎን ጠጋ አድርገው የዲስኩን ድምፅ ማዳመጥም ይረዳል።

እኔ የምከተለው እንዲህ ነው፦ መብራቷ ብልጭ እስካለች ድረስ ግማሽ ቀንም ቢሆን እተወዋለሁ። መብራቷ ጠፍታ፣ ድምፅም ሳይኖር አንድ ሰዓት ካለፈ፣ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ያህል ተጭኜ አጠፋዋለሁ። ከዚያ ሶኬቱን ነቅዬ ጥቂት ቆይቼ እንደገና አበራዋለሁ። ዲስኩን የሚጎዳው ደጋግሞ፣ በንዴት ማጥፋትና ማብራት ነው።

እየተነሳ «አንዱዪንግ ቼንጅስ» ይላል፤ ከዚያ ይጠፋል፤ እንደገና እንደዚያው ይላል።

አፕዴቱ አልሳካ ስላለው የለወጠውን እየመለሰ ነው። ሁለት ሦስት ዙር ይተዉት፤ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ ወደ ዴስክቶፑ ይገባል። ሲገባ ደግሞ ያንኑ አፕዴት እንደገና እንዳያወርድ ዋይፋዩን ቀድመው ያጥፉ፣ የኔትወርክ ገመድም ካለ ይንቀሉ። ፍላሽ፣ ፕሪንተር፣ ሜሞሪ ካርድ የተሰካ ካለም ሁሉንም ያውጡ። ከኪቦርድና ከማውስ በቀር ምንም አይቅር። የተረሳ ፍላሽ ኮምፒውተሩ በዚያ በኩል ልነሳ እያለ ባለቤቱን ቀን ሙሉ ሲያስጨንቅ አይቻለሁ።

ከአምስትና ስድስት ዙር በኋላም ካልገባ ወደ ጥገናው ማውጫ መግባት ያስፈልጋል።

ወደ ጥገናው ማውጫ እንዴት ነው የሚገባው? ኤፍ 8 ብጫን አይሠራም።

ኤፍ 8 የሚሠራው ዊንዶውስ 7 ላይ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባሉት ላይ ካልተስተካከለ በቀር አይሠራም። በዊንዶውስ 10 እና 11 ኮምፒውተሩን ያብሩትና የዊንዶውሱ ምልክት ሲመጣ ማብሪያውን ተጭነው ያጥፉት። ሁለቴ እንዲህ ካደረጉ በኋላ በሦስተኛው ዝም ብለው ይተዉት፤ «አውቶማቲክ ሪፔር» ብሎ ራሱ ይመጣል። ከዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ትራብልሹት» የሚለውን ይምረጡ።

እዚህ ጋ ረጋ ይበሉ። ከላይ መጀመሪያ የሚታየው «ሪሴት ዚስ ፒሲ» የሚለው ነው፤ የሚያጓጓም ይመስላል። አይንኩት። «ፋይሎቼን አቆይ» የሚለውን ቢመርጡ እንኳ የጫኗቸውን ፕሮግራሞች በሙሉ ያጠፋል፤ ኦፊሱም፣ ፓወር ግዕዙም፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩም ይሄዳል። ሌላኛው ምርጫ ደግሞ ሁሉንም ያጠፋል። ከዚያ ሥር ያለውን «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ይክፈቱ።

እኔ የምጀምረው «አንኢንስቶል አፕዴትስ» ከሚለው ነው። ሁለት ምርጫ ይሰጣል፦ አንደኛው በየወሩ የሚመጣውን አነስተኛ አፕዴት ያነሳል፣ ሁለተኛው ዊንዶውሱን ወደ አዲስ እትም ያሸጋገረውን ትልቁን። ትንሹን መጀመሪያ ይሞክሩ። ካልሆነ «ስታርትአፕ ሪፔር»፣ እሱም ካልሆነ «ሲስተም ሪስቶር»። ሲስተም ሪስቶር ዊንዶውሱን ቀደም ብሎ ወደ ተመዘገበ ቀን ይመልሰዋል። የጻፉትን ደብዳቤ አይነካም፤ ከዚያ ቀን በኋላ የጫኑትን ፕሮግራም ግን ያነሳል። የተመዘገበ ቀን የለም ካለ፣ ምናልባት አገልግሎቱ ቀድሞ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው።

«ስታርትአፕ ሴቲንግስ» በሚለው በኩል 4 ቁጥርን ሲጫኑ ሴፍ ሞድ፣ ማለትም ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት ሁኔታ ይከፈታል። ሴፍ ሞድ ላይ ከተነሳ ትልቅ ነገር ነው፤ ዲስኩም ማዘርቦርዱም ይሠራሉ፣ የተጣላው አንድ ድራይቨር (ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ወይም አንድ ሌላ ፕሮግራም ነው ማለት ነው። ማንኛውንም ሌላ ነገር ከመሞከርዎ በፊት ፋይሎችዎን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ።

ምንም አይታይም። ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

የዊንዶውስ ምልክት ቀርቶ የአምራቹ አርማ እንኳ ካልታየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአፕዴቱ አይደለም። የአፕዴት ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚታየው ከአርማው በኋላ ነው። የሆነው ምናልባት አሮጌው ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ፣ ሲሞቅና እንደገና ሲነሳ የቆየ ድካሙ መውጣቱ ነው።

ሶኬቱን ይንቀሉ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም ያውጡ፤ ማብሪያውን 30 ሰከንድ ተጭነው ይያዙ። ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። ከዚያ ባትሪውን ሳይመልሱ በቻርጀር ብቻ ይሞክሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ ክዳኑን ከፍተው ራሙን (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ረጅም የሜሞሪ ሰሌዳ) ያውጡና ወርቃማውን ጫፍ በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርገው አሹት፤ ፍርፋሪውን አራግፈው ቀጭ እስኪል ድረስ ተጭነው ይመልሱት። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ ይሞክሩ። አዳማ ላይ ይህ ብቻውን ብዙ ኮምፒውተር ያስነሳል። ኮረብታው ላይ ያሉትን የነፋስ ተርባይኖች የሚያዞረው ነፋስ አቧራውንም ወደየቤታችን ያስገባል፤ አቧራው ራሙ የሚሰካበት ቀዳዳ ውስጥ ይተኛል።

ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ «ኢንአክሰሰብል ቡት ዲቫይስ» ይላል። ሃርድ ዲስኩ ሞተ?

ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት ሰዓቱን ይዩ። ይህ ምክር ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ ምክንያቱን ልንገርዎ።

ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታህል፣ 2032 የሚል ቁጥር የተጻፈባት ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። ሶኬቱ ሲነቀል ቀኑንና የባዮሱን (ከዊንዶውስ በፊት ተነስቶ ዕቃዎቹን የሚያነቃውን ፕሮግራም) ቅንብር የምትይዘው እሷ ናት። አሥር ዓመት በሞላው ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ ደክማለች። መብራት በጠፋ ቁጥር ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል፣ ቀኑም ወደ ኋላ ይሄዳል። ባዮስ ውስጥ ዲስኩ በምን መንገድ እንደሚነበብ የሚወስን «ሳታ ሞድ» የሚባል ምርጫ አለ፤ ኤኤችሲአይ፣ አይዲኢ ወይም ሬይድ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውሱ ሲጫን በኤኤችሲአይ ከነበረና አሁን ባዮሱ ራሱን ወደ አይዲኢ ከመለሰ፣ ዊንዶውሱ ዲስኩን ማግኘት ያቅተውና ያንን ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ዲስኩ ግን ጤነኛ ነው።

ስለዚህ ባዮስ ውስጥ ይግቡ። እንደ ማሽኑ ኤፍ 2፣ ኤፍ 10 ወይም «ዲሊት» ነው የሚጫኑት። ቀኑ የተሳሳተ ከሆነ ባትሪዋ አልቃለች። አዲስ ባትሪ ያስገቡ፣ ቀኑን ያስተካክሉ፣ ሳታ ሞዱን ወደ ሌላኛው ይቀይሩና ይሞክሩ። ካልሆነ ወደ ነበረበት ይመልሱት። ባትሪዋ የእጅ ሰዓት የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድም ትገኛለች።

ቀኑን በትክክል አስገብቻለሁ፣ አፕዴቱ ግን አሁንም አይሆንም፤ ድረ ገጾችም አይከፈቱም።

ዓመቱን ስንት ብለው አስገቡ? ይህን የምጠይቀው ችግሩ በእኛ አገር በተለየ ሁኔታ ስለሚደጋገም ነው። ባዮሱም ዊንዶውሱም የሚቆጥሩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ሰዎች ግን በቅን ልቦና የእኛን ዓመት ያስገባሉ፤ ለምሳሌ 2026 መሆን ሲገባው 2018 ይላሉ። ኮምፒውተሩ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ድረ ገጾችና የአፕዴት አገልጋዮች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የሚሠራ በሚል ዲጂታል ሰርተፊኬት ስለሆነ፣ ቀኑ ወደ ኋላ የሄደ ኮምፒውተር «ይህ ሰርተፊኬት ጊዜው ገና ነው» ብሎ ይዘጋቸዋል።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆኑ ኮምፒውተሩ ላይ 9 ሰዓት መሆን አለበት። የሰዓት ሰቁን ናይሮቢ የሚለው ላይ ያድርጉት፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

ዊንዶውሱ በፍጹም አልነሳ ብሏል። ፋይሎቼን እንዴት ላውጣ?

ሦስት መንገድ አለ። ከሁሉ የሚቀለው ተጨማሪ ዕቃ አይጠይቅም። ቀደም ብዬ በነገርኩዎት የጥገና ማውጫ ውስጥ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚል አለ። እሱን ከፍተው በእንግሊዝኛ ፊደል ኖትፓድ ብለው ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ። ኖትፓድ ይከፈታል። «ፋይል» ከዚያ «ኦፕን» ሲሉ የሚመጣው ሳጥን ዲስኩን በሙሉ ያሳይዎታል። ከታች «ኦል ፋይልስ» የሚለውን ካልመረጡ ግን ደብዳቤዎችዎ አይታዩም፤ ሰው የለም ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። ፎልደሩን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክተው ኮፒ ይበሉ፣ የሰኩት ፍላሽ ውስጥ ገብተው ፔስት ይበሉ። ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ ነገር ስለማይኖር የቆመ ሊመስል ይችላል፤ በትንሽ በትንሹ ይገልብጡ። እዚህ ቦታ የዲስክ ስሞች ሊቀያየሩ እንደሚችሉም ይወቁ፤ ሁልጊዜ ሲ የሚባለው ዲ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ሁለተኛው ሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ በሌላ ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ፣ ዲስኩ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ ብቻ ይነሳል። ፋይሎቹ እንደማንኛውም ፎልደር ይታያሉ። ሲነሳ «ኢንስቶል» የሚለውን አይንኩ።

ሦስተኛው ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ መቀየሪያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት ነው። ብዙ ፋይል ላለው ሰው ፈጣኑ ይህ ነው።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ግን ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። ቼክ ዲስክ የሚባለውን ፍተሻ ጨምሮ ምንም ዓይነት ጥገና አያስጀምሩበት። ፍተሻው ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊያስነብበው ይችላል፤ በሞት አፋፍ ያለ ዲስክ ይህን አይችልም። መጀመሪያ በጣም የሚፈልጉትን ፎልደር ብቻ ያውጡ።

አንዳንድ ላፕቶፕ ደግሞ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር አምጡ ይላል። ዲስኩ ቢትሎከር በሚባለው ተቆልፏል ማለት ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ላፕቶፑ መጀመሪያ በተከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ከሆነና አካውንቱ የቀድሞው ባለቤት ከሆነ እሳቸውን ማግኘት ግድ ነው፤ ያለ ቁጥሩ የሚከፍተው ባለሙያ የለም። እከፍታለሁ የሚልዎት ካለ ገንዘብዎን አይስጡ።

አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ የኦሮምኛው ደብዳቤ ደህና ይከፈታል፣ የአማርኛው ግን ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ሆነ።

ይህ ጥያቄ አዳማ ላይ በየሳምንቱ ይመጣል፤ እዚህ ያለ ጽሕፈት ቤት በሁለቱም ቋንቋ ስለሚጽፍ። ፋይልዎ አልተበላሸም። የኦሮምኛው በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የትም ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። የአማርኛው የተጻፈው በድሮ የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች «ሀ»ን ያሳዩ የነበረው በላቲን ፊደል ወይም ምልክት ቦታ ላይ የ«ሀ»ን ሥዕል አስቀምጠው ነበር፤ ጽሕፈት ቤቶችም ፎንቶቹን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሲጠቀሙባቸው ቆይተዋል። ፎንቱ ከሌለ ሥዕሉ ይጠፋና ከሥሩ ያለው ላቲን ይወጣል። ያንኑ ፎንት መልሰው ሲጭኑ ጽሑፉ ወደ አማርኛነቱ ይመለሳል።

ለዚህ ነው ከማንኛውም ፎርማት በፊት ከደብዳቤዎቹ ጋር የፎንቶቹንም ፎልደር ገልብጡ የምለው። ዊንዶውስ ውስጥ «ፎንትስ» የሚል ፎልደር ነው። የፓወር ግዕዙ መጫኛ ዛሬ በእጅዎ ከሌለ፣ ያ ፎልደር ብቻ የዓመታት ደብዳቤ ያድንልዎታል።

ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ገጹ ብቻ ከተዘበራረቀ፣ ሠንጠረዡ ከወጣ፣ አንድ ገጽ የነበረው ሁለት ከሆነ፣ ምናልባት ኒያላ በሚባለው ፎንት የተጻፈ ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ ኒያላ አብሮ ነበር። በዊንዶውስ 10 ግን ተለይቶ የሚጫን ሆኗል፤ እሱ ሲታጣ ኢብሪማ የሚባለው ይተካዋል፣ ስፋቱም ስለሚለይ ገጹ ይገፋል። ሴቲንግስ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ገብተው የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን ይጫኑ፤ በጥቂት ደቂቃ ይስተካከላል።

መጀመሪያ ነገር አፕዴቱ ለምን ተሰናከለ?

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ የማገኘው ቦታ ማጣትን ነው። ዲስክ ሲ ቀይ እስኪሆን ሞልቶ፣ 2 ጊጋባይት ቀርቶት፣ ትልቁን አፕዴት ሊያስገባ ይሞክራል። ለትልቅ አፕዴት 20 ጊጋባይት ነፃ ቦታ ቢኖር ይመረጣል። ዴስክቶፕ ላይ የተከመረው ፊልምና ቪዲዮ ዲስክ ሲን እንደሚሞላ ብዙ ሰው አያውቅም። «ዲስክ ክሊንአፕ»ን ሲያስጀምሩ የቀድሞውን ዊንዶውስ ሊያጠፋልዎ ይጠይቃል፤ ወደ ትልቁ አፕዴት ከተሸጋገሩ 10 ቀን ካልሞላ አይስማሙ፤ ወደ ነበረበት መመለስ የሚቻለው በእሱ ነው።

ሙቀትም አለ። አፕዴት ሲጫን ፕሮሰሰሩም ዲስኩም ያለ ፋታ ይሠራሉ። ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ላፕቶፕ ከሰዓት በኋላ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ያውም አልጋ ላይ ተቀምጦ አፕዴት ሲያደርግ ይግልና ራሱን ለማዳን ድንገት ይጠፋል። ባለቤቱ መብራት የጠፋ ይመስለዋል። በማለዳ ወይም ማታ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። በዓመት አንዴም አስከፍተው አቧራውን ያስነፉት።

ሦስተኛው ጉዳይ የተቆራረጠ ዊንዶውስ ነው። «ቀላል» እየተባለ በፍላሽ የሚዞረው ዊንዶውስ የአፕዴት ክፍሉ ተቆርጦ የወጣ ሊሆን ይችላል። እሱ ላይ አፕዴት ማስገደድ ዋጋ የለውም።

ስታቢላይዘር አለኝ። መብራት ቢጠፋ ያድነኛል?

አያድንም። ስታቢላይዘር ከፍ ዝቅ የሚለውን ኃይል ያስተካክላል፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ውስጡ ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው። እሱም ቢሆን አነስተኛው ዴስክቶፕን የሚያቆየው ለደቂቃዎች ነው፤ ሥራን አስቀምጦ ለማጥፋት እንጂ አፕዴት ለማስጨረስ አይደለም። አፕዴት የተጀመረው ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ደግሞ ከዴስክቶፕ አይለይም።

በሞባይል ዳታ ነው የምጠቀመው። ሳላውቅ ፓኬጄን ጨረሰው።

ከስልክዎ የሚያገናኙትን ኔትወርክ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው «ሜተርድ ኮኔክሽን» ያድርጉት። ዊንዶውሱ አብዛኛውን አፕዴት ሳይጠይቅ ማውረድ ያቆማል። ለሁልጊዜ ግን አያጥፉት፤ ጥሩ ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርሱ ራስዎ ያስጀምሩት።

ከአፕዴቱ በኋላ ፕሪንተሩ ወይም ድምፁ እምቢ አለ።

«ዲቫይስ ማኔጀር» ውስጥ ዕቃውን ይፈልጉ፣ «ድራይቨር» በሚለው ሥር «ሮል ባክ» ይበሉ። ደብዝዞ አልነካ ካለ ድራይቨሩን አንስተው የአምራቹን ይጫኑ።

ኮምፒውተሩ አርጅቷል። መጠገኑ ይጠቅማል ወይስ ልጣለው?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ድጋፉን ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ያበቃው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ኮር አይ 5 ከሚለው ቀጥሎ 7200 የሚል ካለ 7ኛ ትውልድ ነው፣ 8250 ካለ 8ኛ። ከዚያ በታች ባለው ላይ በግድ የሚጭኑ አሉ። እኔ ለሥራ ኮምፒውተር አልመክረውም፤ የሚቀጥለው አፕዴት እንደገና ሊያስቆመው ይችላል። ኮር 2 ዱዎ የሆኑትማ በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ በግድም አይነሱም።

ለመጣል ግን አይቸኩሉ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) መቀየርና ራሙን ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ አሮጌን ማሽን ሌላ ያደርገዋል፤ እንደ ኤስኤስዲ ለውጡ የሚታይ ወጪ አላውቅም። ራም ሲገዙ ዲዲአር 3 ይሁን ዲዲአር 4 የድሮውን ይዘው ይሂዱ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ለተማሪ ወይም ኢንተርኔትና ደብዳቤ ብቻ ለሚሠራ ሰው ሊኑክስ ሚንት ይበቃል፤ አፕዴቱም እስከ ዛሬ ይመጣል። ፓወር ግዕዝ የሚሠራው ግን ዊንዶውስ ላይ ስለሆነ፣ ኑሮው በእሱ ላይ የቆመ ጽሕፈት ቤት ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ለጥገና ስወስደው ምን ልበል?

የሆነውን በቅደም ተከተል ይንገሩ፦ መብራት ጠፍቶ ነበር ወይ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ጻፈ፣ ራስዎ ምን ሞከሩ። ስክሪኑን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ቢያመጡ ከሁሉ ይበልጣል። ቻርጀሩን አይርሱ። ከዚያ «መጀመሪያ ፋይሌን አውጣልኝ፣ ጥገናው ከዚያ በኋላ ይሁን» ይበሉ። ፋይሉ ወጥቷል ሲባሉ በቃል አይቀበሉ፤ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስሰክተው አንድ የአማርኛ ደብዳቤ፣ አንድ ፎቶና አንድ የሒሳብ ሠንጠረዥ እዚያው ቆመው ያስከፍቱ። ሦስቱም ከተከፈቱ፣ ያኔ ፎርማት ቢያስፈልግም ፍቀዱ።